«ዲግሪ ይዤ ካሸር ልሁን?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። በ2016 በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ኮዬ ፈጬ ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው። ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ዜሮ ዓመት የሚለው ሲገኝ ደግሞ ሰልፉ አያደርስም። ለታክሲና ለኮፒ የአክስቴን ብር መጠየቅ አሳፍሮኛል። አሁን አንድ ሱፐርማርኬት በካሸርነት ሊቀጥረኝ ነው፤ ተያዥ አምጪ ብለውኛል። ጓደኞቼ ዲግሪሽን ታበላሺዋለሽ ይሉኛል። አንድ ደላላ ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዜን ግማሽ ከሰጠሁት ቢሮ እንደሚያስገባኝ ነግሮኛል። ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ የሚያገኘው እንዴት ነው? ቃለ መጠይቅ ላይስ እስካሁን የት ነበርሽ ሲሉኝ ምን ልበል?»

እህቴ፣ መልሱን አላስረዝምብሽ። ካሸርነቱን ያዢው፣ ደላላውን ተዪው። የቀረውን የምጽፈው ምክንያቱን ላስረዳሽ፣ «ዘመድ የሌለው» ያልሽውንም ልመልስልሽ ብዬ ነው። ከባዱ እሱ ነው።

በሰው ኃይል ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ማስታወቂያ የምጽፈው፣ ማመልከቻ የምቀበለው፣ ፖስታ ከፍቼ የምለየው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ።

ለአንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ይወጣል። «ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት፣ በ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ።» በነጋታው ጠዋት ሰልፉ ከበሩ አልፎ አጥሩን ይዞራል። በሰባተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት ቁልል አለ። ሁሉም አካውንቲንግ ነው። ነጥባቸው ይቀራረባል። ሲቪያቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው፤ ኮፒ ቤት ያለ አንድ ልጅ ነዋ የጻፈላቸው። «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየገጹ አለ። የቀደመው ደንበኛ ስም ሳይፋቅ የቀረበትም አይቻለሁ።

እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ ጎበዟን በምን ልለያት? ወረቀቱ አይነግረኝም። ስለዚህ ቁልሉን የምቀንስበት ነገር እፈልጋለሁ። «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚለው ከዚህ ነው የሚመጣው። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ልምድ አይጠይቅም። ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ፣ ፔይሮል መሥራት ጎበዝ ልጅ በጥቂት ሳምንት ትለምደዋለች። ቀጣሪው ግን ይፈራል። የማያውቀውን ሰው ገንዘብ ያለበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈራዋል። በሁለተኛው ወር ጥላኝ ትሄዳለች ብሎም ይሰጋል። «ልምድ» ሲል በልቡ የሚጠይቅሽ «ከእኔ በፊት ማን ሞክሮሻል?» ብሎ ነው።

ዘመድ የሚባለውም አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው ያለው። በዘመድ መቅጠር የለም አልልሽም። አለ። ማስታወቂያው ለወጉ ብቻ የወጣበት፣ ሰውየው አስቀድሞ የታወቀበት ቦታ ገጥሞኛል። በጣምም አሳዝኖኛል። ግን ሰዎች «በዘመድ ገባ» የሚሉት ሁሉ የሥጋ ዘመድ አይደለም። አንድ ጊዜ ለመጋዘን ጸሐፊ ሰው ፈለግን። ማስታወቂያ እስክናዘጋጅ ዘበኛችን «ጎረቤቴ ያለች ልጅ አለች፤ የእድራችንን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት፤ አንድ ብር ጎድሎባት አያውቅም» አለን። ጠራናት። ፈተንናት። ቀጠርናት። ማስታወቂያውም ሳይወጣ ቀረ። ልጅቷ ከዘበኛው ጋር ዝምድና የላትም። ሥራዋን ያየ ሰው ግን ነበራት።

ስለዚህ ያንቺ ችግር ስንፍና አይደለም፤ እውቀት ማጣትም አይደለም። አለመታወቅ ነው። በዚህ ዓመት ከመንፈቅ የከፈልሽው ብርና ጉልበት በሙሉ የሄደው ወረቀት ለማድረስ ነው። ወረቀትሽ ብዙ ቦታ ደርሷል። አንቺን ግን ያየሽ የለም።

ይህን የምለው ከራሴ ገጠመኝ ብቻ ተነስቼ አይደለም። ከ10 ዓመት ገደማ በፊት ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከመሀል ከተማ ርቀው በሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። ለአንዱ ቡድን መሀል ከተማ ገብቶ ሥራ እንዲፈልግ የትራንስፖርት ብር ሰጡት። ሌላውን ቡድን ችሎታውን ፈትነው ውጤቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅም አለማመዱት። ሦስተኛው ቡድን ምንም አልተሰጠውም። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እርዳታ ሠራ፤ ደህና ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የታክሲው ብር ያመጣው ለውጥ ጠፍቶ ነበር። ችሎታቸውን ማሳየት የቻሉት ደግሞ ገቢያቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር፤ በሥራቸው ላይም ይቆዩ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት በሥራ ገበያው ላይ ዕድላቸው ጠባብ የነበረው ልጆች ናቸው። ይህን ሳነብ ስንቱን ፖስታ ሳልረዳው እንደመለስኩ አስቤ ልቤ ተነካ።

አሁን ወደ ካሸርነቱ። ጓደኞችሽ ዲግሪሽን ታበላሺዋለሽ ያሉት አይገባኝም። ዲግሪ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ነው የሚበላሸው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በየቀኑ ገንዘብ ትቆጥሪያለሽ፣ ማሽን ትዘጊያለሽ፣ ሒሳብ ታስረክቢያለሽ። ሱቁ የሒሳብ ክፍል አለው። የንብረት ቆጠራ አለው። ቫት ያስታውቃል። ከካሸርነት ወደ ሒሳብ ክፍል የተሻገሩ ሰዎች በእጄ አልፈዋል። ከሁለት ወር በኋላ የሒሳብ ኃላፊውን «ቆጠራ ላይ ላግዝ?» ብለሽ ጠይቂ። እምቢ የሚል ኃላፊ ብዙም አላየሁም፤ ቆጠራ የሚወድ ሰው የለምና።

ግን ስትገቢ በባዶ እጅ አትግቢ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሙከራ ጊዜ አለ ይሉሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል። «ለሦስት ወር በነፃ እንይሽ» የሚል ካለ ሕጉን አያውቅም፣ ወይም አንቺ የማታውቂ መስሎታል።

ሌላው ግብርና ጡረታ ነው። ብዙ ልጆች «ከደመወዜ አትቁረጡብኝ፤ በእጄ ስጡኝ» ይላሉ። ለዛሬ ብሩ ይጨምራል። ነገ ግን ይጎዳቸዋል። ማስታወቂያዎች ላይ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚለውን ሳታይው አትቀሪም። ግብር ያልተከፈለበት ሁለት ዓመት ብዙ ቦታ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ይህ ነገር ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን ሲያስቀር አይቻለሁ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርልሻል። ይቆረጥ። ዋናው ነገር መዝገብ ላይ መሆንሽ ነው። የልምድ ወረቀትም መብትሽ ነው። ስትለቂ ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ እያለሽም ከጠየቅሽ፣ የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጡሽ አዋጁ ያዛል።

ተያዥ አምጪ ያሉሽን በጥንቃቄ ያዢው። ተያዥ የሚሆንሽ ሰው ፊርማ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ጉድለት ቢመጣ ይጠየቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የብር መጠኑ ቦታ ባዶ ከሆነ አይፈረም። ሞልተው ይስጧችሁ። ሥራ ላይ ደግሞ ፈረቃ ስትቀያየሪ ቆጥረሽ ተረከቢ፣ ቆጥረሽ አስረክቢ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። «እህቴ ናት፣ አምናታለሁ» ብለሽ ሳትቆጥሪ የተረከብሽው ገንዘብ ነው ጉድለት የሚሆነው።

ካሸር ሆነሽም ፍለጋው ይቀጥላል። ፈረቃ ካለው ግማሽ ቀን ይተርፍሻል። ከአሁን በኋላ ግን እንደ በፊቱ አይደለም የምትፈልጊው።

መጀመሪያ ተናገሪ። ሥራ ማጣትሽን የደበቅሽው ይመስለኛል፤ ብዙ ተመራቂ ይደብቃል። በአማርኛችን ሥራ ፈትና ሥራ አጥ ለየቅል ናቸው። ሥራ ፈት ሥራ ጠልቶ የተቀመጠ ነው። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው። አንቺ አጥተሽ ነው፤ በዚህ የሚታፈርበት ነገር የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አክስትሽ እድር ትሄዳለች። እቁብ ትጥላለች። ማኅበር ትጠጣለች። እዚያ ሱቅ ያለው፣ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ልጁ ባንክ የገባ ሰው ይኖራል። ግን «ለልጄ ሥራ ፈልጉላት» ብትል ሰው ያዝናል፣ «እንጸልይ» ይላል፣ ይረሳል። እንዲህ ትበል፦ «ሒሳብ የተማረች ልጅ አለችኝ። ፒችትሪና ኤክሴል ትችላለች። ሱቁን ወይም ድርጅቱን የወር ሒሳብ የምታግዘው ሰው የሚፈልግ ካለ ንገሩኝ።» እንዲህ ያለ ነገር ሰው አእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። ፒችትሪ ገና ካልቻልሽ ግን ይህን ከማስባልሽ በፊት ተለማመጂው፤ በዓመት ከመንፈቅ ለታክሲ የከፈልሽውን ያህል ብር አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ከአንቺ ጋር የተመረቁትን አግኚያቸው። የባቻችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ሳይኖር አይቀርም። ሥራ ከያዙት ጋር መገናኘት እንደሚያሸማቅቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ሊለቅ ሲል መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ማስታወቂያ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ያውቁታል። ለአራት ልጅ ደውዪ። «የሚለቅ ሰው ስትሰሙ ብቻ ንገሩኝ» በያቸው። ይህ ለማንም ከባድ ልመና አይደለም።

ሦስተኛው ለሙያሽ የተለየ ነው፤ በደንብ ስሚኝ። የሒሳብ ሥራ ወቅት አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነጋዴው ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቅበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ለነጋዴ ሒሳብ የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች እንቅልፍ አያገኙም። ደረሰኝ በማዳበሪያ ይመጣላቸዋል። ያን ሁሉ የሚለይ፣ የሚያደራጅ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባ እጅ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያ ግን አያወጡም፤ ጊዜም የላቸውም። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ በእግርሽ ሂጂ። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ መገናኛ፣ ቃሊቲ ሕንፃዎቹ ላይ «የተፈቀደለት የሒሳብ ባለሙያ» የሚል ታፔላ ታያለሽ። ለቅጥር አትጠይቂ። «ወቅቱ እስኪያልፍ ደረሰኝ ልለይላችሁ፤ በቀን ወይም በፋይል ክፈሉኝ» በይ። አምስቱ አያስፈልገንም ይሉሻል። ስድስተኛው ጋ ማዳበሪያው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ቢሮ የምትወጪው የአሥርና የሃያ ነጋዴ ሒሳብ በእጅሽ አልፎ ነው። ባለቤቱም ሥራሽን ያየ ሰው ይሆናል። ለእኔ ከሲቪ በላይ የሚመዝነው እሱ ጋ የምደውለው ስልክ ነበር።

ማስታወቂያን ተዪ አላልኩሽም። በልክ ይሁን እንጂ። በየቀኑ ከኮዬ ፈጬ አራት ኪሎ መመላለስ ይቅር። ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ ነው የሚወጣው። አዲስ ዘመንም አለ። ኢትዮጆብስና ሀሁጆብስን፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ አፍሪወርክን ቤት ሆነሽ ማታ ማታ ተመልከቺ። ደረጃ የሚባለው ፕሮግራም ለአዲስ ምሩቃን የሥራ ዝግጅት ሥልጠና ይሰጣል፤ ተመዝገቢ። ወረዳሽም ላይ ሥራ ፈላጊ ሆነሽ መመዝገብሽን አረጋግጪ፤ መንግሥት የሚያወጣቸው አንዳንድ ዕድሎች ያልተመዘገበን አይጠሩም። በአካል የምትሄጂባቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ላይ ሰብስቢያቸው። የማታሟዪውን ማስታወቂያ ሁሉ ግን አትለፊ። ሁለት ዓመት ብሎ አንድ ዓመት ባላት ሰው የተዘጋ ቦታ ብዙ ነው፤ በተለይ ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ወይም ቦታው ከከተማ ወጣ ካለ።

ሲቪሽን ራስሽ ጻፊው። አንድ ገጽ ይበቃል። «ታታሪ» የሚለውን አውጪው። በምትኩ የሠራሽውን ጻፊ። ለመመረቂያሽ የትኛውን ድርጅት ሒሳብ አጠናሽ? ልምምድ የወጣሽበት ቦታ ምን አሠሩሽ? የአጎትሽን ሱቅ ደብተር ይዘሽ ከነበር እሱም ሥራ ነው፤ ጻፊው። ቴምፖራሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና መታወቂያሽን አንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ቁጥርሽን አትቀይሪ፣ የማታውቂው ቁጥር ሲደውል አንሺ። ስንት ሰው ለቃለ መጠይቅ ደውዬ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ ሰምቼ ወደ ቀጣዩ ስም አልፌአለሁ። ሁለት ጊዜ እንሞክራለን። ሦስተኛ የለም።

ስለ ደላላው ብዙ አልልም። አገራችን ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ክፍያው ከቀጣሪው ነው። ቢሮ አስገባሻለሁ የሚል ሰው የቢሮውን ስም ካልነገረሽ ቢሮው የለም። ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ቦታም ሥራ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ብለው ጠርተውሽ አዳራሽ ውስጥ «ሰው አምጪ፣ ዕቃ ግዢ» ካሉሽ ተነሺና ውጪ። ማታ ወይም ሆቴል ክፍል ነይ የሚል ቀጣሪ ጋ በምንም ምክንያት አትሂጂ፤ የትም ብትሄጂ ደግሞ አድራሻውን ለአክስትሽ ላኪላት። ውጭ አገር ቢሮ ሥራ አለ የሚልሽም ሳይመጣ አይቀርም። በቅርብ ዓመታት ታይላንድ ሥራ አለ ተብለው ሄደው ማይንማር ውስጥ በማጭበርበሪያ ካምፕ የታገቱት ወገኖቻችን የተማሩ፣ ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች ነበሩበት። እንዳንቺው ሥራ ያጡ ልጆች።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። «እስካሁን የት ነበርሽ?» ሲሉሽ አትደንግጪ። ጠያቂው ሊያዋርድሽ አይደለም፤ ቁጭ ብለሽ እንደሆነና እንዳልሆነ ማወቅ ነው የሚፈልገው። «ሥራ አጥቼ» ብለሽ አታቁሚ። ግን አትዋሺ። ካሸርነቱን ከያዝሽና ደረሰኝ ከለየሽ ከስድስት ወር በኋላ የምትዪው እውነት ይኖርሻል፦ «በተመረቅሁበት ዓመት በሙያዬ ቦታ አላገኘሁም። በካሸርነት ገባሁ። በየቀኑ ይህን ያህል ብር ቆጥሬ አስረክባለሁ፤ ጉድለት የለብኝም። ቆጠራ ላይ የሒሳብ ክፍሉን አግዣለሁ። በግብር ወቅት አንድ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ፋይል አደራጅቻለሁ። የሁለቱም ኃላፊዎች ስልክ ይኸውና።» እኔ ጠረጴዛው ማዶ ብሆን ከቁልሉ ውስጥ ያንቺን ወረቀት ለብቻው አስቀምጬ ስልኩን አነሳለሁ።